ሳልጠይቅ የጻፍኩት መስመር

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ጥር ውስጥ፣ መቻራ በሚገኝ አንድ የቡና መጋዘን ነው። የሞተ ሰው የለም፤ የተቃጠለ ንብረትም የለም። ከአእምሮዬ ያልወጣው በየሳምንቱ ወደ ኋላ እየተመለስኩ የማነበው ነገር ስላለ ነው። ሁለት መስመር ጽሑፍ ነው። ሁለቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የመጀመሪያውን ግን እኔም ሆንኩ ሌላ ሰው ልንሰርዘው አንችልም።

ተወልጄ ያደግኩት ጭሮ ነው። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ ከሁለት ዓመት በላይ ቤት ከተቀመጥኩ በኋላ፣ እዚያው ጭሮ ቢሮ የከፈተ አንድ ትንሽ ፕሮጀክት ቀጠረኝ። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። በገበሬዎች ማኅበራት የቡና መጋዘኖች ውስጥ መዳፍ የምታክል ኮምፒውተር በብረት ሳጥን አድርገን ግድግዳ ላይ እንሰቅላለን። ከሳጥኑ ጎን የአየሩን ሙቀትና እርጥበት የሚለካ ሴንሰር አለ። ኮምፒውተሯ ልኬቱን በየሰዓቱ በሲም ካርድ ትልካለች፤ የተላከው ብሎክቼይን ላይ ይቀመጣል።

ብሎክቼይን ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁኝ፣ መዝገብ ነው እላለሁ። አንድ ቢሮ ውስጥ የተቆለፈ መዝገብ ግን አይደለም። ግልባጩ በብዙ አገር ባሉ ብዙ ኮምፒውተሮች ላይ አለ። እያንዳንዱ ገጽ ከቀደመው ገጽ ጋር ታስሯል። አንዲት መስመር ልፋቅ ያለ ሰው ከሁሉም ዘንድ ያለውን ግልባጭ መፋቅ አለበት፤ ያ ደግሞ አይሆንም። ስለዚህ ቡናውን ከሩቅ የሚገዛ ነጋዴ «መጋዘን ውስጥ ረጥቦ ይሆን?» ብሎ ቢጠራጠር ከፍቶ ያነባል። ማንም እንዳልነካካው ስለሚያውቅ ያምነዋል።

የመቻራውን ሳጥን የሰቀልነው ኅዳር መጨረሻ ላይ ነበር። የመጋዘኑ ጠባቂ አባ ቶፊቅ ይባላሉ። ስልሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ሲራመዱ ድምፅ የማይሰማባቸው ሰው ናቸው። የሚኤሶ ሰው ናቸው፤ ብዙ ዓመት በጭነት መኪና ሠርተው እግራቸው ሲደክም እዚህ መጡ። አማርኛቸውን የተማሩት መንገድ ላይ ነው። ስንደርስ በጣሳ ውሃ ይዘው፣ አቧራው እንዲተኛ የመጋዘኑን ደጃፍ እየረጩ ነበር። ይህን ያየሁት እንዲሁ በጨረፍታ ነው፤ ኋላ ግን ጉድ ያደረገኝ እሱ ነው።

ሥራው ሲያልቅ አባ ቶፊቅ ቀርበው መዳፋቸውን ሳጥኑ ላይ አሳረፉ።

«ትሞቃለች» አሉኝ።

«ስትሠራ ትሞቃለች። ብዙ ሙቀት ግን አትወድም።»

መኪናው እየጠበቀን ነበር። ሰው ሲለያይ እንደሚለው «እንግዲህ አባ፣ አደራ» ብያቸው ወጣሁ። እሳቸው ግን እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው «አደራሽን ተቀብያለሁ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ። በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። እኔ በልቤ መኪናው ውስጥ ገብቼ ነበር።

ከጥምቀት ማግስት ጀምሮ ስልኬ ላይ ማስጠንቀቂያ መምጣት ጀመረ። መቻራ፣ እርጥበት ከተፈቀደው በላይ። ሁልጊዜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ይነሣል፤ ወደ ማታ ይወርዳል። በማግስቱ ደግሞ ያው ነው። በአራተኛው ቀን ሲስተሙ ምክንያት ጠየቀኝ። ልኬት ከተፈቀደው መጠን ደጋግሞ ካለፈ፣ ኃላፊነት ያለበት ሰው ምክንያቱን እዚያው መዝገብ ላይ መጻፍ አለበት። ኃላፊነት ያለበት ሰው ደግሞ እኔ ነኝ።

የአባ ቶፊቅ ቁጥር ስልኬ ውስጥ ነበር። አወጣሁት፤ መልሼ ዘጋሁት። ከማላውቀው ሰው ጋር በስልክ ሳወራ ድምፄ ይጠፋል። ኦሮምኛም ሁሉንም እሰማለሁ፤ በትልልቅ ሰዎች ፊት ግን እሰባብረዋለሁ ብዬ አፍራለሁ። ደግሞስ ምን ልላቸው ነው? «ውሃ ያፈሳሉ ወይ?» ተብሎ አባት የሆነ ሰው ይጠየቃል? መጠየቁ ነውር መሰለኝ። መጻፉ ግን ነውር አልመሰለኝም።

ጥር ደረቅ ወር ነው፤ ዝናብ ሊሆን አይችልም። ያ የውሃ ጣሳ ትዝ አለኝ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የመጋዘኑ ጠባቂ ከሰዓት በኋላ ወለሉን ውሃ ስለሚረጩ እርጥበት ጨምሯል።» «ይመስለኛል» የሚል ቃል እንኳ አላስገባሁበትም። ሲስተሙ «ይህ ከተመዘገበ በኋላ አይቀየርም፤ ያረጋግጣሉ?» አለኝ። አረጋገጥኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ሳልደውል በመገላገሌ ቀለል ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ከሳምንት በኋላ ኃላፊያችን ዳንኤል ጠራኝ። ገዢው መዝገቡን አንብቦ የማኅበሩን ሰዎች ጠይቋል፤ እነሱም ተቆጥተዋል። ኮሚቴው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተሰብስቦ ከአባ ቶፊቅ ቁልፉን ሊቀበልና ሌላ ጠባቂ ሊያስገባ ነው።

«አንቺ ሂጂና ሳጥኑን ፈትሺ» አለኝ። «ከጠየቁሽም መዝገቡን አሳያቸው።»

«እሳቸውን ያነጋገራቸው ሰው አለ?»

«መዝገቡ እያለ ምን ያነጋግራቸዋል?»

መዝገቡ ላይ ያለው የእኔ ቃል ነበር።

ሐሙስ ገና ሳይነጋጋ ተነሥቼ በገለምሶ በኩል ሄድኩ። ያን ሰሞን ተኝቼ የማይለቀኝ ድካም ነበረብኝ። አራት መጋዘን አለኝ፤ አራቱም በአራት አቅጣጫ ናቸው። ሚኒባሱ ውስጥ ጉልበቴ ከፊቴ ወንበር ጋር ተጣብቆ፣ አቧራውን በነጠላዬ እየተከላከልኩ፣ ሳስብ የነበረው ስለ አባ ቶፊቅ አልነበረም። ኮሚቴው ፊት አቁሞ እንዳያናግረኝ ብቻ እመኝ ነበር።

ስደርስ ቀኑ ወደ ሰባት ሰዓት ተኩል ነበር። አባ ቶፊቅ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ተነሡ።

«ነጋ፣ ሰላም ነው፣ ኢንተላ ኮ? እናት አባት ደህና? መንገዱ ገደለሽ፣ አይደል? ተቀመጪ፣ ተቀመጪ።»

በርጩማቸውን ለቀቁልኝ። እሳቸው ባዶ ጄሪካን ገልብጠው ተቀመጡ። ነገሩን ያነሡት እሳቸው ናቸው።

«ዛሬ ቁልፍ ይወስዳሉ ከኔ። ውሃ አፈሰስክ መጋዘን ውስጥ፣ ይላሉ። እኔ? ቡና ላይ ውሃ? ሰው ሲያረጅ ብዙ ይባላል፤ ይህ ግን አልተባለም ነበር።»

«ማን አለ?» ብዬ ጠየቅኩ። ለምን እንደጠየቅኩ አላውቅም።

«ማሽኑ አለ ይላሉ።»

ውስጥ ገባሁ። ወለሉን በእጄ ዳበስኩት፤ ድርቅ ያለ ነው፤ አቧራ ጣቴ ላይ ቀረ። ጆንያዎቹ በእንጨት ርብራብ ላይ ተደርድረዋል። ከላይ ያለው ቆርቆሮ በፀሐዩ ይንጣጣል። ከሳጥኑ ሥር ሚስማር ተመትቷል፤ ሚስማሩ ላይ አንድ ባዶ ጆንያ ተንጠልጥሏል። እኛ ያንጠለጠልነው አይደለም።

ስለ ጆንያው ልጠይቅ ስዞር አባ ቶፊቅ ራሳቸው ገቡ። እጃቸውን ሳጥኑ ላይ አሳረፉ፤ ልክ የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚዳሰሰው። ከንፈራቸውን መጠጥ አደረጉና ጆንያውን አውርደው ወደ ውጭ ወሰዱት። በጄሪካን ውሃ አራሱት፤ እስኪንጠባጠብ ድረስ እዚያው ደጅ ጨመቁት፤ ይዘውት ገቡና ከሳጥኑ ሥር መልሰው ሰቀሉት። ሽቦዎቹን እንዳይነካ በሁለት ጣታቸው አስተካከሉት። አንዲት ጠብታ ወለሉ ላይ አልወደቀችም።

ስልኬን አየሁ። ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው።

«አባ፣ ይህ ምንድን ነው?»

ባለማወቄ የተገረሙ መሰሉ።

«ሚኤሶ አታውቂም? በዚያ ሐሩር ሹፌር ውሃውን እንዴት ያቀዘቅዛል? ጄሪካኑን ጆንያ ያለብሳል፣ ያረጥባል፣ ነፋስ ይመታዋል። እንደ ፍሪጅ ይሆናል ወላሂ። እሷም ከሰዓት በኋላ ትቃጠላለች። ሲብስባት ይቺ አረንጓዴ መብራቷ ትጠፋለች፤ ማታ ሲበርድ ትነሣለች። ፀሐዩ ሲጠናባት ዝም ብዬ ልያት? ሙቀት አትወድም ብለሽ አደራ ሰጥተሽኛል።»

ሴንሰሩ ከእርጥቡ ጆንያ አንድ ስንዝር እንኳ አይርቅም። ኮምፒውተሯ ለሳምንታት ስትለካ የነበረው የቡናውን አየር ሳይሆን የአባ ቶፊቅን ጆንያ ነው።

በዚያ ሰዓት ዝም ማለት እችል ነበር። «ሴንሰሩ ተሳስቷል» ብዬ ለኮሚቴው ብናገር ይበቃ ነበር። ይህን አስቤዋለሁ፤ አልዋሽም። ግን ለእኔ ብለው የለቀቋትን በርጩማ በበሩ በኩል አየኋትና አፌ ተከፈተ።

«አባ፣ ውሃ ያፈሳሉ ብሎ የጻፈው ማሽኑ አይደለም።»

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

አላመኑኝም መሰለኝ፤ ወደ ሳጥኑ አዩ፣ ወደ እኔ አዩ።

«አንቺ እዚህ አልነበርሽም እኮ።»

«አልነበርኩም።»

«ስልኬ የለሽም?»

«አለኝ።»

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። የጆንያውን ጫፍ እየነካኩ ቆዩ።

«እሺ፣ ሰርዢው» አሉ በመጨረሻ።

«አይሰረዝም።»

«ወረቀት ነው?»

«ወረቀት አይደለም። አንድ ጊዜ ከተጻፈ ማንም አይሰርዘውም። የተሠራው እንደዚያ ተብሎ ነው።»

አባ ቶፊቅ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ፈገግ ለማለትም ሞከሩ።

«አጥፍተን ቶባ ስንል አላህ ይሰርዝልናል፣ ኢንተላ ኮ። የናንተ መዝገብ ከሱ ይበልጣል?»

ኮሚቴው የከሰዓት በኋላው ሶላት፣ አሱር፣ ከተሰገደ በኋላ መጋዘኑ ደጃፍ ላይ ተሰበሰበ። ሰባት ሰዎች ናቸው። ሊቀመንበሩ ሐጂ ጀማል «እስቲ ባለማሽኗ ትናገር» አሉ። ተነሣሁ። በአማርኛ ጀመርኩ፤ ግማሽ ላይ ድምፄ ጠፋ። ከዚያ በኦሮምኛ «ዺፈማ» አልኩ፤ ይቅርታ ማለት ነው። ከእሱ በኋላ ያለውን በሁለቱም ቋንቋ እየሰባበርኩ ተናገርኩ። ጆንያውን አሳየኋቸው። ምክንያቱን ሳልጠይቅ የጻፍኩት እኔ መሆኔን ነገርኳቸው።

ከዚያ አፉ ውስጥ መፋቂያ የያዘ አንድ ሰውዬ ወደ አባ ቶፊቅ ዞረ።

«ለመሆኑ የምትጠብቀው ቡና ነው ጫት? በእርጥብ ነገር የሚጠቀለል ጫት ነው የማውቀው።»

«ጫት ቢሆንማ አንተ እስካሁን ጨርሰኸው ነበር» አሉ አባ ቶፊቅ።

ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ሐጂ ጀማል ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ። ከተለያዩ ጆንያዎች ከነቅርፊቱ የደረቀውን ቡና፣ ጀንፈሉን፣ በእፍኛቸው እየዘገኑ ጆሯቸው ሥር ነቀነቁት። አንዱን እፍኝ መዳፌ ላይ ገልብጠው «ስሚው» አሉኝ። ነቀነቅኩት። ፍሬው ቅርፊቱ ውስጥ ይንኳኳል፤ ያልደረቀ ቢሆን ድምፅ አይኖረውም።

«ቡናው ራሱ ይናገራል» አሉ ሐጂ። «ቶፊቅም አፍ ነበረው። አንቺ ብቻ ዝም አልሽ።»

ቁልፉ አባ ቶፊቅ ዘንድ ቀረ። ሰዎቹ ሲበተኑ እኔና እሳቸው በሩ ላይ ቆየን። መስመሩን መሰረዝ ባልችልም ከሥሩ ሌላ መጨመር እንደምችል ነገርኳቸው። «እዚሁ ጻፊው፣ እኔ እያየሁ» አሉ። መጀመሪያ የጻፍኩት «ቀደም ሲል የተመዘገበው ምክንያት በሴንሰር አቀማመጥ ምክንያት የተፈጠረ ስህተት ነው» የሚል ነበር። አነበብኩላቸው።

«ይህ እውነት ነው?»

«ግማሹ።»

«ሌላውን ግማሽ ለማን ልትተዪው ነው?»

አጥፍቼ እንደገና ጻፍኩ፦ «ከላይ የተጻፈው ምክንያት ስህተት ነው። ጠባቂው ወለሉ ላይ ውሃ አልረጩም፤ ኮምፒውተሯ እንዳትግል እርጥብ ጆንያ አጠገቧ ሰቅለው ነበር። ቡናው ደረቅ ነው። ሳልጠይቃቸው የጻፍኩት እኔ ነኝ።» ሲስተሙ «አይቀየርም፤ ያረጋግጣሉ?» አለኝ። ያን ጊዜ ጥያቄውን በደንብ አነበብኩት። ማታ ዳንኤል ደውሎ «ይህን ሁሉ መዘርዘር አያስፈልግም ነበር፤ ገዢው ያነበዋል እኮ» አለኝ። «ያንብበው» አልኩት። ለአለቃዬ እንደዚያ መልሼ አላውቅም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ያን ከሰዓት፣ ዳንኤል ሳይደውል፣ ገና ከመጋዘኑ ልሄድ ስል አባ ቶፊቅ ጆንያውን ከሚስማሩ አወረዱና አጥፈው ሰጡኝ።

«አደራሽን ውሰጂ» አሉኝ። «የማላውቀውን ዕቃ ከእንግዲህ አልነካም።»

በቁጣ አልነበረም። በደከመ ድምፅ ነው ያሉት። ጆንያውን ይዤ ጭሮ ድረስ ሄድኩ፤ ጉልበቴ ላይ እያለ ደረቀ።

ቢሮ ተቀምጬ የመቻራን መዝገብ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አነበብኩት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከሰዓት በኋላ በየቦታው ክፍተት አለ፤ ኮምፒውተሯ ምንም ያልላከችባቸው ሰዓቶች። እኛ ሁልጊዜ «መብራት ጠፍቶ ነው» እያልን እናልፈው ነበር። ጆንያው በተሰቀለባቸው ሳምንታት ግን አንድም ክፍተት የለም። ጆንያው ከወረደ በኋላ ክፍተቱ ተመለሰ። ምክንያቱ የመብራት መጥፋት አልነበረም፤ ሙቀት ነበር። ሽማግሌው በመዳፋቸው ያወቁትን እኔ በመዝገብ ሳላውቀው ከርሜያለሁ። የእሳቸውም ድካም እዚያው መዝገብ ላይ ሳይሰረዝ ተቀምጧል፤ ማንበብ ለሚችል ሰው።

በወሩ ተመልሼ ሄጄ ሴንሰሩን በረጅም ሽቦ ወደ መጋዘኑ ሌላ ጫፍ ወሰድኩት። ኮምፒውተሯ ባለችበት ቀረች። «አሁን ጆንያው ቢሰቀል ምንም አይልም፣ አባ» አልኳቸው። «ኢንሻአላህ» አሉ። አልሰቀሉም። እኔም ሁለተኛ አደራ ለማለት አፍ አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ ለእርጥበትም ሆነ ለክፍተት ሲስተሙ ምክንያት ሲጠይቀኝ ከመጻፌ በፊት እደውላለሁ። አሁንም ስደውል ድምፄ ይንቀጠቀጣል። አባ ቶፊቅ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን፤ ሙቀት ነው» ይሉኛል፤ እኔም «ሙቀት ነው» ብዬ እጽፋለሁ። ለወራት ያወራነው ይህን ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን ሙሉ ክፍተት አልነበረም። ጭሮ እንኳ ፀሐዩ የሚለበልብ ነበር። ሁሉ ነገር ደህና ሲሆን ሲስተሙ ምክንያት አይጠይቅም፤ መደወልም አያስፈልገኝም ነበር። ደወልኩ።

«አባ፣ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። በሌላ ጆንያ ይዣት ነበር፣ ተቀዶ አስቸገረኝ። ያንን የወሰድሽውን ስትመጪ አምጪው።»

ጆንያው ቢሮዬ ውስጥ ወንበሬ ሥር ነበር፤ አጥቤ፣ አጥፌ አስቀምጬዋለሁ። አሁን ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ማክሰኞ በገለምሶ በኩል እሄዳለሁ። መንገዱ ያው ነው፤ ድካሙም ያው ነው። ያቺ የመጀመሪያ መስመርም ያው እንዳለች ናት፤ እኔ ከሞትኩ በኋላም ትኖራለች። በፊት ሳነባት ፊቴ ይቃጠል ነበር። አሁን የሚቀለኝ አንዳንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያን ቀን ከእሷ በታች ያለችውን ጨምሬ አነባለሁ።